ደላላው ለማን ይሠራል?

በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ደላላ በልማድ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ ይቀበላል። ሂሳቡን እንየው። 5 ሚሊዮን ብር የተሸጠ ቤት ከሻጩ ብቻ 100 ሺሕ ብር ያስገኝለታል። አንድ ወር ታግሦ ዋጋውን በ200 ሺሕ ቢያስጨምር ከሻጩ የሚያገኘው ተጨማሪ 4 ሺሕ ብር ነው። ታዲያ ለምን ይጠብቃል? «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ይሽጡት» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ከ5 ሚሊዮን በላይ በሚያመጣው ላይ ከፍ ያለ ኮሚሽን ብትዋዋሉ ግን ጥቅማችሁ ይገጥማል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ካለ ክፍያው አያስቆጭም። ፈላጊው በር እያንኳኳ ለሚጠይቀው ቤት ግን ደላላ ትርፍ ወጪ ነው።

ገዢስ? ደላላው ቢምልም ባይምልም፣ ቤቱ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ እንደሌለበት ቀብድ ሳይከፍል ራሱ ከይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ያጣራ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 በጽሑፍ ያልሆነ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ደንግጓል።