ካፒቴኑ በስንት ዓመቱ ይውረድ? በ60፣ በ65 ወይስ በ67?

ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት በተዘረጋው የቤት ገበያ የሚሠራ ደላላ «ተከራዩ ፓይለት ነው» ካለ አከራዩ ብዙ ጥያቄ አያበዛም። የአብራሪ ደመወዝ በወሩ የሚገባ፣ ከሌላው ደመወዝተኛ ገቢ ከፍ ያለና የታወቀ ነውና እንደ ዋስ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ዋስትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑን የሚቆርጠውም ሐኪም ሳይሆን የልደት ዘመን ነው።

ለመሆኑ አንድ የአየር መንገድ ካፒቴን ከመሪው ወንበር መነሣት ያለበት በስንት ዓመቱ ነው? ጥያቄው የአብራሪዎች ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን የአየር መንገዱን ወጪ፣ የወጣቱን ረዳት አብራሪ ዕድገት፣ የባንክ ብድርንና የጡረታ ፈንድን የሚነካ የገበያ ጥያቄ ነው።

ሁለት ሕግ፣ ሁለት ዕድሜ

በአገራችን ጉዳዩን የሚያወሳስበው ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 65 ሲሆን የመጣው ከሞንትሪያል ነው። መቀመጫውን እዚያ ያደረገውና ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የሚባለው፣ ለዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ወሰን አስቀምጧል። ከአንድ በላይ አብራሪ ባለበት አውሮፕላን የዕድሜው ጣሪያ 65 ዓመት ነው። አብራሪው ብቻውን የሚያበር ከሆነ ግን 60 ነው።

ይህ ወሰን ዱሮም እንዲህ አልነበረም። እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ ካፒቴን ከ60 ዓመቱ በኋላ በዓለም አቀፍ መስመር እንዲያበር አይፈቀድም ነበር። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ወር ጣሪያው ወደ 65 ከፍ ሲል አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ካፒቴኑ ከ60 ካለፈ አብሮት የሚቀመጠው አብራሪ ከ60 በታች መሆን ነበረበት። ይህም ቅድመ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሣ።

ሁለተኛው ቁጥር 60 ሲሆን የራሳችን ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆችም ሆኑ በ2014 ዓ.ም. የተተኳቸው አዋጆች መደበኛውን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት አድርገዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው።

እንግዲህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አምስት ዓመት ይቀራል። የጡረታ ሕጉ «ይብቃህ» ያለው ካፒቴን፣ ጤናውና ፈተናው እስከፈቀደለት ድረስ የበረራ ፈቃዱ ገና አምስት ዓመት ሊያገለግለው ይችላል። እነዚህ ዓመታት የማን ናቸው? አሠሪውና አብራሪው በውል ከተስማሙ በአገር ውስጥ ይውላሉ። ካልተስማሙ ደግሞ ገዢ አይጠፋም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር መንገዶች ከዓለም ዙሪያ የበሰለ ካፒቴን ቀጥረው የሚያሠሩ ናቸው። ሌላው ያሠለጠነውንና ያበሰለውን ሰው የሥልጠናውን ዋጋ ሳይከፍሉ ይወስዳሉ ማለት ነው።

60 ከየት መጣ?

ብዙ ሰው 60 ዓመት የተመረጠው ሐኪሞች መክረውበት ይመስለዋል። ታሪኩ ግን የንግድ ሽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ አየር መንገዶች ከፕሮፔለር ወደ ጄት እየተሻገሩ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ካፒቴኖች በከፍተኛ ደመወዝ ላይ ነበሩ። ከጦር ኃይል የወጡ ወጣቶች ግን ጄቱን ቶሎ ይለምዱታል ተባለ። የአሜሪካን ኤርላይንስ መሪ የነበሩት ሲ. አር. ስሚዝ በ60 ዓመታቸው እንዲወጡ ባደረጓቸው አብራሪዎች ጉዳይ በግልግል ዳኝነት ከተረቱ በኋላ፣ በ1959 ለፌዴራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለኤልውድ ኬሳዳ ደብዳቤ ጻፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የ60 ዓመት ደንብ ወጣና በ1960 ሥራ ላይ ዋለ። ኬሳዳም ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቁ በኋላ የዚያው አየር መንገድ የቦርድ አባል ሆኑ።

ያን ጊዜ ደንቡን የፈለጉት አሠሪዎች፣ የተቃወሙት የአብራሪዎች ማኅበር ነበሩ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አሜሪካ በ2007 ዕድሜውን ወደ 65 አሳደገች። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ አብራሪ ሲጠፋ በ2023 የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት 67 እንዲሆን አጸደቀ። የአሜሪካ ዋናው የአብራሪዎች ማኅበር ግን ተቃወመ። በሜይ 2024 በተፈረመው ሕግም 65 ባለበት ጸና። በ2025 ደግሞ የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር አያታ ለኢካኦ ጉባኤ 67 ይሁን ሲል አቀረበ፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይወሰዳል። አብራሪ ሲተርፍ ዕድሜ ይቆረጣል፤ ሲጎድል ይቀጠላል። ስለ ደኅንነት የሚነሣው ክርክር እውነተኛ ቢሆንም፣ ከጀርባው ሁልጊዜ የሰው ኃይል አቅርቦትና ፍላጎት አለ።

ልምድ ወይስ ልብ?

ዕድሜው ይጨመር የሚሉት ልምድ በገበያ አይሸመትም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን ኒውዮርክ ወንዝ ላይ ያሳረፉት ካፒቴን ሰለንበርገር የ57 ዓመት ሰው ነበሩ። የእኛው ካፒቴን ልዑል አባተ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈውንና ነዳጁ ያለቀበትን ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲያሳርፉ፣ በጠለፋ ሲፈተኑ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ያን ሰዓት በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ መወጣት አይቻልም።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ልምድ የልብ ድካምን አያስቀርም ባዮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ በድንገት ራስን የመሳት አደጋ ይጨምራል፤ የእንቅልፍ መዛባትም ይከብዳል። ከቦሌ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚነሡት ረጃጅም በረራዎች ደግሞ አብዛኞቹ የሌሊት ናቸው።

የኢካኦ ደንብ መካከለኛውን መንገድ ይዟል። የአየር መንገድ አብራሪ 60 ዓመት እስኪሞላው በየ12 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ የሕክምና ምርመራ ያልፋል። በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ ላይ የሚሰጠው የብቃት ፈተናም አለ። ጃፓን ከ2015 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ እስከ 67 ፈቅዳለች። ካናዳና አውስትራሊያ ደግሞ በአገራቸው ሕግ ቁርጥ ያለ የዕድሜ ጣሪያ ሳያስቀምጡ በምርመራ ይተማመናሉ።

የመሰላሉ ሂሳብ

አየር መንገድ እንደ መሰላል ነው። በግራ ወንበር የተቀመጠው ካፒቴን ካልወረደ በቀኝ ያለው ረዳት አብራሪ አይወጣም። ከእርሱ በታች ያለውም ባለበት ይቆያል። አንድ የቦይንግ 787 ካፒቴን ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ አይደለም የሚከፈተው። የ737ቱ ካፒቴን ወደ ትልቁ አውሮፕላን ሲያልፍ ይሠለጥናል፤ ረዳቱ ካፒቴን ለመሆን ይሠለጥናል፤ በእርሱ ምትክ ከትምህርት ቤት የወጣው አዲስ ልጅ ይሠለጥናል። የአንድ ሰው ጡረታ ሦስትና አራት የሥልጠና ወጪ ያስከትላል።

በቦሌ ያለው ማሠልጠኛ አብራሪ ማፍራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት አየር መንገዱ የተነሣው በአሜሪካውያን አብራሪዎች ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዋና አብራሪነት የወጡት በ1957 ነበር። አንድ ካፒቴን ለማብሰል ዓመታት እንደሚጠይቅ የዚህ ቤት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ወደ አብራሪው ኪስ እንምጣ። የጡረታ አበል የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። የበረራ አበልና የውጭ አገር የውሎ አበል አይገቡበትም። ስለዚህ ካፒቴኑ መብረር ባቆመ ማግስት ገቢው በብዙ ያሽቆለቁላል።

ለምሳሌ የ50 ዓመት ካፒቴን አያት አካባቢ ቤት ሊገዛ 6 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። ባንኩ ብድሩን ከጡረታ በፊት ጨርስ ቢለው፣ በ60 ዓመት ስሌት 120 ወር ብቻ አለው። ወለዱን ትተን ዋናው ብቻ በወር 50,000 ብር ይሆናል። እስከ 65 የሚዘልቅ ውል ካለው ግን 180 ወር ያገኛል፤ ክፍያው ወደ 33,333 ብር ይወርዳል። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ላይ የአምስት ዓመት ልዩነት ቤቱን የመግዛትና ያለመግዛት ልዩነት ነው።

በአነስተኛ አውሮፕላን የቻርተር ሥራ ገንዘቡን ያፈሰሰም ቁጥሮቹን ልብ ይበል። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ ብቻውን የሚያበር አብራሪ ጣሪያው 60 በመሆኑ፣ የ62 ዓመት ልምድ ያለውን ካፒቴን በርካሽ አገኘሁ ብሎ ድንበር ለሚሻገር ሥራ የሚቀጥር ባለሀብት ሁለተኛ አብራሪ መቅጠሩ አይቀርለትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዓለም አቀፉ ጣሪያ 65 ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ 67 ለእኛ የሩቅ ወሬ ነው። የእኛ ሥራ ያለው በ60 እና በ65 መካከል ነው። ጤናው የተመሰከረለትን በግልጽ ውል ማቆየት፣ ከጣሪያው ያለፈውን በአስተማሪነት መጠቀም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሳኔውን አብራሪው 59 ሳይሞላው ቀደም ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴ ኪሳራን እንኳ አስቀድሞ ካወቀው ይዘጋጅበታል። አብራሪውም፣ አበዳሪውም፣ ተራ የሚጠብቀው ረዳት አብራሪም የሚጎዱት ዕድሜው በማነሱ ወይም በመብዛቱ ሳይሆን ቀኑን ባለማወቃቸው ነው።