የማክሌሞር ጎዳና አጃቢዎች

በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ ማክሌሞር በተባለው ጎዳና ላይ ቀድሞ ሲኒማ ቤት የነበረውን አዳራሽ ስታክስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ተከራይቶ ስቱዲዮ ሲያደርገው፣ ለተመልካቾች ወንበር ሲባል ተዳፋት ሆኖ የተሠራውን ወለል እንዳለ ስለ ተወው፣ ከዚያ ቤት የሚወጣው ድምፅ የራሱ የሆነ ጠባይ ነበረው። ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤም ጂስ የዚህ ቤት አጃቢ ባንድ ነበር፤ በኦቲስ ሬዲንግና በሳም ኤንድ ዴቭ ዘፈኖች ከድምፃዊው በስተኋላ የሚሰማው፣ ብዙው አድማጭም የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የሚያልፈው፣ የእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።

አጃቢው ባለቤት የሆነበት ቀን በ1962 እ.ኤ.አ. መጣ። ለሌላ ዘፋኝ ቀረጻ ተሰብስበው ሳለ ትርፍ ሰዓት አግኝተው ሲጫወቱ የተቀዳው አንድ ዜማ የድርጅቱን መሪ ጂም ስቱዋርትን ደስ ቢያሰኘው፣ ለሸክላው ጀርባ የሚሆን ሌላ ተፈለገና፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ የነበረው ኦርጋን ተጫዋቹ ቡከር ቲ ጆንስ የጀመረው «ግሪን ኦኒየንስ» ተቀረጸ፤ ለጀርባ የታሰበውም የፊቱን ቀድሞ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 1ኛ፣ በፖፕ ሰንጠረዥ 3ኛ ሆነ።

የእነዚህ ሰዎች ጥበብ፣ በእኔ ግምት፣ በመታቀብ ላይ የቆመ ነው። ስቲቭ ክሮፐር ጊታሩን ከሚነካበት ይልቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ይበዛል፤ አርምሞውም የዜማው አካል ነው። በ1965 ዊልሰን ፒኬት «ኢን ዘ ሚድናይት አወር»ን ሲያስቀርጽ፣ የአትላንቲክ ኩባንያው ጄሪ ዌክስለር ወጣቱ በጊዜው የሚጨፍረውን ጭፈራ እዚያው እየጨፈረ ቢያሳያቸው፣ ክሮፐርና ከበሮ መቺው አል ጃክሰን ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ለቅጽበት ያህል አዘግይተው ይመቱ ጀመር፤ በማኅሌት ላይ ያለ ሊቅ ጸናጽሉን ከፍ አድርጎ የከበሮውን መውረድ እንደሚጠብቅ፣ የአድማጩም ሰውነት ያችን ምት ይጠብቃታል።

ጆንስና ጃክሰን ጥቁሮች፣ ክሮፐርና ኋላ የባስ ጊታሩን የተረከበው ዶናልድ ደን ነጮች ነበሩ፤ ዘር ከዘር ተለይቶ በሚኖርበት በዚያ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ከተማ የሚገኘው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 የተገደሉበት ሎሬይን ሞቴልም ክሮፐርና ድምፃዊው ኤዲ ፍሎይድ «ኖክ ኦን ውድ»ን የደረሱበት ቤት ነበር።

ለአዲስ አድማጭ እኔ የምመርጠው ከታወቀው «ግሪን ኦኒየንስ» ይልቅ በ1971 የወጣውን «መልቲንግ ፖት» ነው፤ በሦስት ደቂቃ ሥራቸውን መጨረስ የለመዱት ሰዎች በዚህ ከስምንት ደቂቃ በላይ ሲጫወቱ፣ ከአራቱ አንዱ እንኳ ሌላውን ሊቀድም አይሞክርም።