«ክላውድ ላይ ካለ አይጠፋም» ለምትሉ

ክላውድ ማለት ሌላ ድርጅት ገዝቶ፣ አቀዝቅዞና ጠብቆ በኢንተርኔት የሚያከራየን ኮምፒውተር ነው። አማዞን በ1998 ዓ.ም. ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ለሰርቨር መበደርና ለሰርቨር ክፍል ጄኔሬተር ማቆም ለብዙ ድርጅት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በተጠቀሙት ልክ ይከፍላሉ፤ ሲበቃዎት ይተዋሉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ጥቅም አለው። መርካቶ መለዋወጫ የሚሸጥ ወዳጄ ዘንድ የመጋዘኑ ኤክሴል የሚመጣው በፍላሽ ነበር፤ ከነሾርትከት ቫይረሱ። ዴስክቶፑ ላይ «ስቶክ የመጨረሻ»፣ «ስቶክ የመጨረሻ 2»፣ «ስቶክ ትክክለኛው» ተደርድረዋል። ዛሬ መጋዘኑም ሱቁም አንድ ጉግል ሺት ላይ ይጽፋሉ። የመጋዘኑ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም» ቢል ሴሉን ተጭኖ ታሪኩን ማየት ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይወጣል። ስንት ጥል እንዳበረደ እኔ ነኝ የማውቀው። ኔትወርክ ሲቋረጥ እንዳትቸገሩ ግን ኦፍላይን መሥሪያውን አስቀድማችሁ አብሩት።

የሚያናድደኝ «ክላውድ ላይ ካለ አይጠፋም» የሚሉት ነገር ነው። ይጠፋል እንጂ! መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። ረስት የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ባለቤቶች ግን 25 ሰርቨር ከነመረጃው አጡ። ብዙ ደንበኛ ሰርቨር ሲከራይ መጠባበቂያ ቅጂውም አብሮ የተገዛ መስሎት ነበር። ቅጂ የነበራቸውም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ያስቀመጡት እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር አብሮ ነደደ።

እሳቱ ሩቅ አገር ነው ካላችሁ፣ ቅርቡን እንይ። ፎልደራችሁ ከክላውድ ጋር «ሲንክ» ያደርጋል ማለት እናንተ ያደረጋችሁትን እሱም ይደግመዋል ማለት ነው። እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል። ቫይረስ ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የተቆለፈው ፋይል ሳይውል ሳያድር በደህናው ቦታ ይተካል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን መጣያው ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል፤ ፋይሉ መጥፋቱን የዓመቱን ግብር ሊያሳውቅ ሲል ላወቀ ነጋዴ ይህ ምን ይረባዋል? በየወሩ አንድ ቅጂ ከዚያ አካውንት ውጭ፣ ለምሳሌ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡና ሃርድ ዲስኩን ንቀሉት። ከዚያ አንዱን ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ፤ የማይከፈት ቅጂ ቅጂ አይደለም።

ፓስዎርድ በቴሌግራም ግሩፕ የምትለጥፉትንማ ምን ልበላችሁ። የድርጅቱ ፋይል ሁሉ በሒሳብ ሠራተኛዋ የግል ጂሜይል የተከፈተባችሁም አላችሁ፤ እሷ መልቀቂያ ሳታስገባ ባለቤትነቱን አዛውሩ።