ታፔላና ሱቅ፦ ኮምፓይል ሳያደርጉ ግኑ ሬዲዮ ላይ ብሎክ መጨመር

ግኑ ሬዲዮን መጀመሪያ ያየ ሰው የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ በቀስት የተያያዙ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ከአንቴና የመጣውን ሲግናል ይቀበላል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሦስተኛው ድምፁን ለይቶ ያወጣል፣ የመጨረሻው ወደ ስፒከር ይልካል። ድሮ በብየዳ ይሠራ የነበረው ሬዲዮ ሶፍትዌር ሆነ ማለት ነው። ኤሪክ ብሎሰም በጆን ጊልሞር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ይህ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው።

ሳጥኖቹ ብሎክ ይባላሉ። አብረው የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ የሚፈልጉት ግን አንዳንዴ ከመካከላቸው አይገኝም። የተለመደው መንገድ የራስን ሞጁል አዘጋጅቶ፣ ሲሜክ በሚባለው የግንባታ መሣሪያ አልፎ፣ ኮምፓይል አድርጎ መጫን ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ለተጻፈ ብሎክ ይህ ግድ ነው። ሃያ መስመር ፓይተን ለጻፈ ሰው ግን ለአንድ ሲኒ ቡና ድንኳን መጣል ይሆንበታል። ሲሜክም ቢሆን ለፓይተን ብሎክ የሚሠራው ዋና ሥራ ፋይሎቹን በየቦታቸው መገልበጥ ነው፤ ያንን ደግሞ በእጅ ማድረግ ይቻላል።

የፓይተን ብሎክ ሁለት የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ታፔላና ሱቅ። ታፔላው ያምል በሚባለው አጻጻፍ ይዘጋጃል። የብሎኩን ስም፣ መግቢያና መውጫውን፣ ተጠቃሚው የሚሞላቸውን ዋጋዎች፣ ደግሞም ሱቁ በምን ስም እንደሚጠራ ይናገራል። (እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የግኑ ሬዲዮ ስሪት 3.8 በፊት ታፔላው የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ስለነበር፣ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ መመሪያ ያሳስታል።) ሱቁ ራሱ የፓይተን ፋይሉ ነው፤ ሲግናሉ የሚሠራው «ወርክ» በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ ሁለቱን የሚፈልጋቸው አንድ አካል አይደለም። ታፔላውን የሚያነበው ሳጥኖቹን የምንደረድርበት ፕሮግራም ሲሆን፣ የት እንደሚፈልግ «ጂአርሲ ብሎክስ ፓዝ» በሚባለው ቫሪያብል ይነገረዋል። ሱቁን የሚፈልገው ግን ፓይተን ነው፤ እሱ የሚያውቀው «ፓይተን ፓዝ»ን ነው። የመጀመሪያውን አስተካክሎ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ብሎኩ ከዝርዝሩ ውስጥ ሲወጣለት ደስ ይለዋል፤ ፕሮግራሙን ሲያስነሳው ግን «ሞጁሉ አልተገኘም» ይባላል። ታፔላው ተሰቅሏል፣ ሱቁ የለም።

ታፔላም የማይፈልግ አለ፤ ኢምቤድድ ፓይተን ብሎክ። ይህ ጉሊት ነው። ኮዱ እዚያው የሳጥኖቹ ሥዕል በሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ መግቢያና መውጫው ከኮዱ ይነበባል። አንድ ዋና ሕግ አለው፤ ተጠቃሚው የሚሞላው እያንዳንዱ ዋጋ መነሻ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ለሙከራ እንደሱ የሚሆን የለም። አምስት ሥዕል ላይ ከገለበጡት በኋላ ስህተት ሲያገኙ ግን አምስቱንም መዞር ነው፤ ያኔ ሱቅ መክፈት ይሻላል።

ኮምፓይል የቀረው በነፃ አይደለም። ርካሽ የዩኤስቢ ሬዲዮ መቀበያ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ስትልክ ለአንዱ ናሙና የሚደርሰው ጊዜ 0.42 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ናሙናውን አንድ በአንድ የሚቆጥር የፓይተን ሉፕ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ኑምፓይ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ግን የናሙናዎቹን ድርድር በአንዴ ስለሚያነሳው ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ካልደረሰም ብሎኩን ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ሲግናሉ ተጣርቶ በሰከንድ ወደ 48,000 ናሙና ከወረደ በኋላ ፓይተን ይተነፍሳል።