ያለ ሽቦ የሚነጋገሩ መሣሪያዎችን በአምሳያ ስለ መፈተን

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። መሐንዲሶች ፕሮቶታይፕ የሚሉት አምሳያም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ይኸውም ዕቃው ተሠርቶ ሳያልቅ እንዲታረም በርካሽ የሚበጅ መልክ ነው።

የአገሩን ጎተራ ለምሳሌ እንውሰድ። በበቆሎው መካከል ያለው አየር እርጥበቱ ከመቶ 70 ገደማ ሲያልፍ ሻጋታ ይመቸዋል፤ ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሽታው ከተለወጠ በኋላ ነው። በጎተራው ውስጥ ዳሳሽ፣ ልኩን ያለ ሽቦ ወደ ቤት የሚልክ ራዲዮ፣ በቤትም የሚበራ መብራት ቢኖር እህሉን አውጥቶ ለማስጣት ጊዜ ይገኛል።

ለዚህ የሚሆኑት መሣሪያዎች ዛሬ ቀላል ናቸው። ኮሎምቢያዊው ኤርናንዶ ባራጋን በኢጣልያ ኢቭሪያ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2003 ዋይሪንግ የተባለውን ሰሌዳ ሠራ፤ በ2005 ከዚያው ትምህርት ቤት አርዱይኖ ወጣ። በ2014 ደግሞ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ዋይፋይ ያለበትን ኢኤስፒ8266 በርካሽ ለገበያ አቀረበ። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት አገር ግን ዋይፋይ አይደርስም፤ ኪሎ ሜትሮች የሚሻገረው ሎራ ይሻላል። ሽቦዎቹ ሳይበየዱ የሚሰኩበት ብሬድቦርድ ስሙን ያገኘው የቀድሞ ራዲዮ ሠሪዎች ሥራቸውን በዳቦ መቁረጫ እንጨት ላይ ይቸነክሩ ስለ ነበር ነው።

ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት መጀመር ያለበት ከሰሌዳው አይደለም። አንድ ተማሪ ጠዋትና ማታ በእጁ ለክቶ መብራቱን ራሱ ያብራ፤ ቤተ ሰቡ ማሽን እንደሚያበራው አድርጎ ይመልከተው፤ በመጨረሻ ግን እውነቱ ይነገረው። ይህ ዘዴ በውጭ አገር «የኦዝ ጠንቋይ» ይባላል፤ ወጪውም የአንድ ሰው ድካም ብቻ ነው። ሰሌዳው የማይነግረንን ይነግረናል፦ መብራቱን የሚያየው ማን ነው? እህል የምትሰፍረው እመቤት ወይስ በእርሻ የዋለው አባወራ? በሐምሌ ቢበራስ ፀሐይ ከየት መጥቶ ይሰጣል? ስለዚህ ምልክቱ ዋጋ የሚኖረው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ እንደ ገባ ነው።

ከዚያ በኋላ የራዲዮው ነገር ይመጣል። እርጥብ እህል የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ስለሚያዳክም ዳሳሹ በውስጥ ሲቀር አንቴናው ከክዳኑ ውጭ መውጣት አለበት። ባትሪውን በይበልጥ የሚጨርሰው መላኩ ነውና መሣሪያው ተኝቶ ውሎ በሰዓት አንድ ጊዜ ቢነቃ ይበቃል። ሽቦውን አይጥ እንዳይቆርጠው ደግሞ በቀርከሃ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል።