የበቆሎው ዋጋና የቂጣው ዋጋ

ነፃ ንግድ ደሀውን ያበለጽጋል ወይስ ይብሱን ያደኸያል? ይህ ጥያቄ በመካከላችን በተነሣ ቍጥር አንዱ «ያበለጽጋል»፣ ሌላው «ያራቁታል» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ነገር ግን ስምምነቱ የሚነካው «አገር» የሚባለውን አንድ አካል ሳይሆን ገበሬውን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ ነጋዴውንና ሸማቹን ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥቅሙ በማን እጅ ገባ፣ ጉዳቱስ በማን ትከሻ ላይ ወደቀ የሚለው ነው። ለዚህም ሜክሲኮ ጥሩ ምሳሌ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሜክሲኮ ከዩናይትድ ስቴትስና ከካናዳ ጋር የተዋዋለችው የነፃ ንግድ ስምምነት የጸናው ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ነው። በዚያው ዕለት በደቡብ፣ ቺያፓስ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ አብዛኞቹ የማያ ዘር የሆኑ ገበሬዎች ዛፓቲስታ በሚል ስም መሣሪያ አነሡ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው ስምምነት ነበር።

የገበሬው ሥጋት በበቆሎ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ገበሬ መኪናና ማዳበሪያ አለው፤ መንግሥቱም ይደጕመዋል፤ ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው ምርት ከሜክሲኮው አማካይ ምርት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በውሉ መሠረት የበቆሎ ቀረጥ በ15 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀርቶ በ2008 ያበቃ ነበር። ይሁን እንጂ የሜክሲኮ መንግሥት ራሱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከተወሰነው መጠን በላይ የሚገባውን እህል ያለ ቀረጥ አሳለፈ። የበቆሎ ዋጋ ወረደ፤ ጥቂት ኩንታል ሸጦ የሚኖረው ገበሬ ገቢው ጐደለ፤ ብዙዎችም እርሻቸውን ትተው ተሰደዱ።

በቆሎ ከረከሰ የከተማው ደሀ ቂጣ ሊረክስለት በተገባ ነበር። ሆኖም ቶርቲያ የሚባለው የዕለት ምግቡ የሆነው ቂጣ ተወደደ። መንግሥት በ1999 የቶርቲያውን ዋጋ መቈጣጠር ትቶ ነበር፤ እህል የሚገዛውንና የሚያከፋፍለውን ድርጅቱንም በዚያው ዓመት ዘጋ፤ የዱቄቱም ገበያ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር። እንግዲህ በርካሽ የተገዛው እህል ትርፉ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። በ2007 መጀመሪያ ላይ የበቆሎ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ ግን ቶርቲያው ወዲያው ተወደደና ብዙ ሺህ ሕዝብ በዋናው ከተማ ሰልፍ ወጣ።

የሌላውን ወገን እውነትም መመስከር ይገባል። በሰሜኑ ጠረፍ ፋብሪካዎች በዝተው ለብዙዎች ሥራ ተገኘ፤ ወደ ውጭ የሚላከውም ዕቃ በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1995 የበረታውም ችግር በአብዛኛው የመጣው በ1994 መጨረሻ የሜክሲኮ ገንዘብ ከመውደቁ ነው። ይሁንና ሥራው በሰሜን፣ ጉዳቱ በደቡብ ሆነ። ለገበሬው የታሰበው የመንግሥት ርዳታም በሄክታር ስለ ተከፈለ ሰፊ መሬት ያለው ብዙውን ወሰደ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የአፍሪካን አህጉራዊ የነፃ ንግድ ስምምነት በ2019 አጽድቃለች። እንግዲህ የየዕቃው ቀረጥ ሲነሣ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሚጐዳው ማን ነው? ርካሹ ዋጋ ከሸማቹ ዘንድ እንዲደርስ ገበያውን የሚጠብቀው ማን ነው? ለተጐዳውስ መንገዱ፣ ብድሩና ትምህርቱ የሚደርስለት መቼ ነው? ለሦስተኛው መልስ «በኋላ ይታሰብበታል» ከተባለ፣ የቺያፓስ ገበሬም የጠበቀው ይህንኑ «በኋላ» መሆኑን እናስታውስ።