የድንጋይ ካባና የቀበሌው ውስጠ ደንብ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለቤት መሠረት፣ ለመንገድና ለድልድይ ሥራ የሚውለው ጥቁር ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ የሚወጣው ገበሬው ከሚያርሰውና ከብቱን ከሚያሰማራበት መሬት ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ለሲሚንቶ ሥራ የሚያገለግሉ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገኛሉ። ከተማ ሲሰፋና መንገድ ሲዘረጋ የድንጋይ ፈላጊው ይበዛል። ይህም ፈላጊ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የቀበሌውን በር ነው።

በዚህ ጊዜ የቀበሌው ውስጠ ደንብ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ደንና ስለ መስኖ ውኃ ተራ ደንግጎ ስለ ካባ ዝም ያለ እንደሆነ፣ ወይም ከተሻረ ሕግ ጋር የቀረ እንደሆነ፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በባለይዞታው ላይ ነው። ስለዚህ የማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ደንባቸውን አውጥተው ከመንግሥት ሕግ ጋር ሊያስተያዩት ይገባል።

እንደሚታወቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ስፋት ባለው ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። መሬት የማደላደሉን ሥራም ለማኅበሩ ሰጠ። ማኅበሩ በአካባቢው ስላለው ነገር ሁሉ አዛዥ ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለውም አረጋግጧል። ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚያስተዳድሩት የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው ነው። ስለ ማዕድንም በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 52 በአዋጅ ቁጥር 678/2002 ተተክቷል፤ ይህም በ2006 እና በ2012 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ድንጋይ፣ ጠጠርና አሸዋ በዚህ ሕግ የኮንስትራክሽን ማዕድናት ይባላሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የይዞታ ደብተር የማረስና የመጠቀም መብት እንጂ ከሥር ያለውን ድንጋይ ለነጋዴ የመሸጥ ፈቃድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የማዕድን ፈቃድ ያገኘ ሰው ደብተሩን እንደሌለ ሊቆጥረው አይችልም፤ ባለይዞታው ካሣ የማግኘት መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ለንግድ ለሚወጣ ድንጋይ ፈቃድ የሚሰጠው በሕግ የተወከለው የመንግሥት አካል ነው። ለኮንስትራክሽን ማዕድናት በአዋጅ ቁጥር 678/2002 የተወሰነው 3 በመቶ ሮያሊቲም የሚገባው ለመንግሥት ነው። ቀበሌ በራሱ ቃለ ጉባኤ ካባ ቢሸነሽን ወይም በመኪና ጭነት ቀረጥ ቢቆርጥ ከሥልጣኑ ውጭ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

የነገሩን ክብደት በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2500 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ 4 ሜትር ጥልቀት ሲቆፈር 10000 ሜትር ኩብ ይወጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና ይህ 625 ጭነት ነው። ባለይዞታው ለዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ስምምነት ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ከቀረ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ የሚቀረው ጤፍ የማይዘራበት ጉድጓድ ብቻ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 እንዲባዛ ወስኗል። ለጊዜው ለሚነሣም መሬቱ እስኪመለስለት ያለው ዘመን ይታሰብለታል።

የጎጃም ገበሬ መለካትን በጥርጣሬ የሚያይበት ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መሬታችን ይለካል የሚል ሥጋት አሳድሮ ዓመፅ አስነሥቷል። በካባ ጉዳይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሳይለካና ሳይመዘገብ የተቆፈረ መሬት ካሣው ሊታሰብ አይችልም።

ታዲያ በውስጠ ደንቡ ምን ይግባ? የመጀመሪያው፣ ፈቃዱ ሳይታይና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ባለበት ድንበሩ ሳይለካ አካፋ እንዳይነሣ ነው። ሁለተኛው፣ ካሣው ከመቆፈሩ በፊት በጽሑፍ እንዲከፈል፣ በጋራ መያዣ የተመዘገበ መሬት ከሆነም ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲፈርሙ ነው። ሦስተኛው፣ የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው እንዲከመር ነው፤ ከግርድ ጋር የተደባለቀ አፈር ዳግም ሰብል አያበቅልም። አራተኛው፣ ከምንጭ፣ ከመቃብር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመንደር መራቅ፣ ድማሚት ሲፈነዳም ነዋሪው ቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከወንዝ አሸዋ ያለ ልክ ሲዛቅ ዳርቻው ተንዶ የአጎራባቹን ማሳ ይወስዳልና ይህም ይጠበቅ። አምስተኛው፣ ጉድጓዱ እንዴት እንደሚመለስ ከወዲሁ መወሰን ነው፤ ገደሉ ይደለደል፣ ግርዱ ይሞላ፣ አፈሩ ይመለስ፣ ሣርና ዛፍ ይተከል። ክፍት የቀረ ካባ በክረምት ውኃ ያቁርና ለሕፃናትና ለከብት መስመጫ ይሆናል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የገጸ ምድር ማዕድን ሕግ ካባ የሚያወጣ ሁሉ የመሬት መመለሻ ዕቅድ እንዲያቀርብ አስገድዷል፤ በኋላም የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ ተጨምሮበታል። የየአካባቢው አስተዳደሮችም ደንባቸውን ከዚህ ሕግ ጋር እንዲያስማሙ ተደርጓል። የዋስትናው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ቆፋሪው ጥሎ ቢሄድ ጉድጓዱ በተያዘው ገንዘብ ይሞላል።

መሬት የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ በመጥረብ እንጀራ ማግኘታቸው ሊደገፍ የሚገባው ነው። ነገር ግን የወጣቱ እንጀራ የአባቱን ማሳ በልቶ መገኘት የለበትም። ፈቃዱን እንዲያወጡ መርዳት፣ ሰብል የማይሰጠውን ድንጋያማ ቦታ ከወረዳው ባለሙያ ጋር ሆኖ መለየት የመሪዎቹ ፋንታ ነው።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ደንብ የሚስተካከለው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ነው። መሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ውስጠ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ ያንብቡ፤ ከአዋጁ ጋር የሚጋጨውን ይሰርዙ፤ የጎደለውን ይጨምሩ፤ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ይላኩ። በቀበሌው ውስጥ ያሉትን ክፍት ካባዎችም ቆጥረው፣ ማን እንደቆፈራቸውና በማን ይዞታ ላይ እንዳሉ ይመዝግቡ። ቆፋሪውን ለመጠየቅ የሚቻለው ይህ መዝገብ ሲኖር ነው።